ፊልምና ቅርፃ ቅርፅ በጥንታዊ ቤት ውስጥ፦ ከባዶው አዳራሽ እስከ ቁልፍ ማስረከብ

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ያሰናዳነው ዐውደ ርዕይ ሊከፈት አንድ ቀን ቀርቶታል። ስክሪኑ ተወጥሯል፣ ፊልሙ እየሄደ ነው፣ ትንሹ የነሐስ ቅርፅም ቦታውን ይዟል። ከጣሪያው ሥር ካለች ክብ መስኮት የገባ የፀሐይ ጨረር መጥቶ ስክሪኑ መሃል ላይ አረፈ። ፊልሙ ውስጥ የነበረችው ሴት ፊቷ ጠፋ። መስኮቷን ሁላችንም እናውቃታለን። ሙከራውን ሁሉ የምናደርገው ግን ማታ ማታ ስለነበር ጠዋት ምን እንደምትሠራ ልብ ያለ አልነበረም።

መስኮቷን አልሸፈንናትም። ስክሪኑን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ወሰድነው። ነሐሱን ጨረሩ ከሚያርፍበት ቦታ አቆምነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቅርፁን የምታበራው ፀሐይ ሆነች። ሰዎች ሰዓቱን ጠብቀው ይመጡ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ዝግጅት የምጀምረው ከሥራዎቹ አይደለም፤ ከቤቱ ነው። ቀጥሎ ያለው መመሪያም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት፣ ወህኒ ቤት፣ ምድር ቤት፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የጸሎት ቤት፣ የትኛውም ዓይነት አሮጌ ቤት ቢሆን ይሠራል።

1. ባዶውን ቤት ዋሉበት

ምንም ሥራ ሳትመርጡ አንድ ሙሉ ቀን በባዶው ቤት ውስጥ ዋሉ። ከንጋት እስከ ምሽት። ወንበር፣ ደብተር፣ ሜትርና ስልክ ይበቃችኋል። በየሰዓቱ ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። 3 ሰዓት ላይ በሩ ሥር የነበረ ብርሃን 5 ሰዓት ላይ ሌላ ግድግዳ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ዝግጅቱ ሁለት ሦስት ወር የሚቆይ ከሆነ የፀሐይዋ ከፍታም ይለወጣል። የፀሐይን መንገድ የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ቀን አስገቡና ሁለቱንም እዩ።

ቀጥሎ መሃል ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ በኃይል አጨብጭቡ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቁጠሩ። በትልልቅ የድንጋይ ካቴድራሎች ውስጥ 5 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይቆያል። በሲኒማ ቤት ውስጥ ግን አንድ ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉት። ፊልም ስትመርጡ ትመለሱበታላችሁ።

ከዚያ ግድግዳዎቹን ከሥር ከሥራቸው እዩ። ነጭ ጨው የመሰለ መስመር ካለ ከመሬት ውሃ እየሳበ ነው። የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ውስጡ ተዉት። የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ አልፎ ከቆየ ሻጋታ ይመጣል፣ ያልተቀባ ብረትም ይዝጋል። ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፍ ካለም አስተውሉ። በአንዳንድ አገሮች በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማባረር አይቻልም።

አንድ ነገር አደራ። ቤቱን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተቀመጡ። ዘበኛው፣ ድሮ እዚያ የሠራ ሰው፣ ጎረቤት። የት የት እንደሚያፈስ፣ የቱ በር እንደሚጣበቅ፣ የቱ ክፍል ውስጥ ምን እንደተደረገ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ቤቱ እስር ቤት ከነበረ፣ ሰው የተሰቃየበት ከሆነ፣ ያ ታሪክ የዝግጅታችሁ ጌጥ ሊሆን አይገባም። የቻይናው አርቲስት አይ ዌይዌይ በ2014 በአሜሪካ በአልካትራዝ ደሴት የቀድሞ እስር ቤት ሥራዎቹን ሲያሳይ ርዕሱ ራሱ እስርና ነፃነት ነበር። የቤቱን ሕመም የምትነኩ ከሆነ እንዲህ ፊት ለፊት ንኩት፤ ካልሆነ አትነካኩት።

2. ፈቃድ፣ ፎቶና ወረቀት

ከባለቤቱም ሆነ ከቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ጋር ስትነጋገሩ አንድ መርህ ይዛችሁ ግቡ፦ የምናስገባው ነገር ሁሉ ሲወጣ ዱካ አይተውም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ታሪካዊ ሕንፃን ለማኅበረሰቡ በሚጠቅም ሥራ ላይ ማዋልን ይደግፋል። ነገር ግን አቀማመጡና ጌጡ መለወጥ የለበትም ይላል። በኬፕ ታውን አሮጌው የእህል ጎተራ በ2017 ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት የኮንክሪት ቱቦዎቹ ተፈልፍለው አዳራሽ ወጥቶላቸዋል። እሱ ቋሚ ሙዚየም ነው። ለሁለት ወር ዝግጅት ግን ምስማር እንኳ አይመታም።

ስለዚህ ፊሸርና ብሎን እርሱ። ስክሪኑ በራሱ እግር ይቁም፤ በአሸዋ ከረጢት ይያዝ። መብራት በምሰሶ ላይ የሚታሰር ከሆነ በማሰሪያውና በምሰሶው መሃል ወፍራም ጨርቅ ወይም ጎማ ይግባ። በኖራ ልስን ላይ ፕላስተር አትለጥፉ። ስትነቅሉት ቀለሙ ይዞት ይመጣል፤ አንዳንዴ ልስኑም ጭምር።

አንድም ዕቃ ሳይገባ የቤቱን እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ወለል፣ በርና መስኮት ፎቶ አንሱ። ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ከጎኑ ሜትር አድርጋችሁ አንሱት። ባለቤቱ ይፈርምበት። መጨረሻ ላይ «ይህን የሰበራችሁት እናንተ ናችሁ» የሚል ጭቅጭቅ የሚፈታው በዚህ ፎቶ ነው።

ከአርቲስቶቹ ጋር ያለው ውልም በጽሑፍ ይሁን። ለፊልሙ በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ሳምንት፣ በየትኛው ስክሪን እንደሚታይ ይገለጽ። ለቅርፁ ደግሞ ከቀራፂው ስቱዲዮ ከወጣበት ደቂቃ አንስቶ እስኪመለስ ያለው መንገድ ሁሉ በመድን ይሸፈን። አደጋ የሚበዛው ሲጫንና ሲራገፍ እንጂ ቆሞ ሲታይ አይደለም።

3. ሥራውን ከቤቱ ጋር አጋቡት

አሁን ወደ ምርጫው። የምወደውን ምሳሌ ላምጣ። በእንግሊዝ የዊንቸስተር ካቴድራል ምድር ቤት ዝናብ ሲበዛ ውሃ ይሞላዋል። የእንግሊዛዊው ቀራፂ አንቶኒ ጎርምሊ የእርሳስ ብረት ቅርፅ ከ1986 ጀምሮ እዚያ ቆሟል። በእጆቹ የያዘውን ውሃ አቀርቅሮ የሚያይ ሰው ነው። ምድር ቤቱ ሲጥለቀለቅ ውሃው ውስጥ ይቆማል። ሌላ አዘጋጅ ውሃውን እንደ ችግር ቆጥሮ ፓምፕ ያስገባ ነበር። እዚህ ግን ውሃው የሥራው ግማሽ ሆነ።

በኮፐንሃገንም ሲስተርነርነ የሚባል ቦታ አለ። ከመናፈሻ ሥር ያለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። እርጥበቱ 100 በመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ የተፈጥሮ ብርሃንም የለውም። እዚያ ወረቀት ወይም እንጨት ማስገባት ጥፋት ነው። ለድንጋይ፣ ለመስታወት፣ ለብርሃንና ለድምፅ ግን የሚመች ቤት ነው።

ስለዚህ ደብተራችሁን አውጡ። ጭብጨባው ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ንግግር የሚበዛበት ፊልም ተዉ። ቃላቱ ይደበላለቃሉ። ዝምታ፣ ሙዚቃ፣ የተፈጥሮ ድምፅ ያለው ፊልም ፈልጉ፤ ወይም ጽሑፍ ከሥሩ ያለው። ቤቱ እርጥብ ከሆነ ነሐስና ድንጋይ ይግቡ። ያልተቀባ ብረት ከሆነ ቀራፂው በሰም ይቀባው፤ ዝገቱን ራሱ ካልፈለገው በስተቀር። የእርሳስ ቅርፅ ካላችሁ ደግሞ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ዘግታችሁ አታቆዩት። በተለይ ከኦክ እንጨት የሚወጣው አሲድ ያለበት ትነት እርሳሱን ይበላዋል።

መጠንንም አትርሱ። በጀርመን ኦበርሃውዘን የጋዝ ማከማቻ የነበረው ግንብ 117 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። እዚያ ውስጥ የሰው ቁመት ያለው ቅርፅ ብቻውን ቢቆም ይጠፋል። በጠባብ የመነኩሴ ክፍል ውስጥ ግን ያው ቅርፅ ትንፋሽ ያሳጥራል። ከካርቶን ትክክለኛውን መጠን ቆርጣችሁ አቁሙና ከበሩ ላይ እዩት። አርቲስቱም ይየው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ብዙ ጸጸት ያድናል።

4. ክብደቱን አስሉ

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ። የአሮጌ ቤት ወለል የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው።

አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ 2,700 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የግማሽ ሜትር ኩብ ቅርፅ 1,350 ኪሎ ነው። መቆሚያው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ያ ሁሉ ክብደት በ0.36 ካሬ ሜትር ላይ ያርፋል። በካሬ ሜትር ሲሰላ 3,750 ኪሎ ይሆናል። የተለመደ የመኖሪያ ቤት ወለል የሚታሰበው በካሬ ሜትር ለ200 ኪሎ አካባቢ ነው። ለሕዝብ አዳራሽ የሚሠራ ወለልም ቢሆን ከ400 እስከ 500 ነው።

መፍትሔው ክብደቱን መበተን ነው። ከሥሩ 2 በ2 ሜትር የሆነ መደብ ብታደርጉለት ያው 1,350 ኪሎ በ4 ካሬ ሜትር ላይ ተዘርግቶ በካሬ ሜትር ወደ 340 ይወርዳል። የመደቡ ክብደት ይጨመርበታል። ግን ልብ በሉ። ኮምፔንሳቶ ብቻ ዘርግታችሁ ክብደቱ ተበተነ ማለት አይደለም። ኮምፔንሳቶ ይታጠፋል፤ ጭነቱ መሃሉ ላይ እንዳለ ይቀራል። የማይታጠፍ የብረት ወይም የወፍራም ጣውላ ተሸካሚ ያስፈልጋል። ተሸካሚው ከወለሉ በታች ያሉትን አግዳሚዎች አቋርጦ ይተኛ እንጂ በአንዱ ላይ ብቻ አይረፍ። ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ምሰሶ በተጠጋችሁ ቁጥር ወለሉ ይጠነክራል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን የስትራክቸር ኢንጂነር ነው። ቤቱን አይቶ በጽሑፍ ይፈርም።

መንገዱም ይመዘን። ቅርፁ የሚቆምበት ቦታ ጠንካራ ሆኖ የሚያልፍበት ኮሪደር ደካማ ሊሆን ይችላል። የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን መታጠፊያ፣ የጋሪውን ጎማ ሁሉ ለኩ። አሮጌ ወለል ደልዳላ አይደለም። ውሃ ልክና ቱምቢ ይዛችሁ ግቡ፤ የሚስተካከለው መቆሚያው ነው እንጂ ወለሉ አይደለም።

5. ጨለማውንና ብርሃኑን አካፍሉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ፊልም ጨለማ ይፈልጋል። ቅርፅ ብርሃን ይፈልጋል። ቤቱም በበኩሉ ምሰሶው፣ ቅስቱና ጣሪያው እንዲታይለት ይፈልጋል። ሦስቱንም እኩል አበራለሁ ካላችሁ ሦስቱም ይከፋቸዋል።

ከቁጥሩ እንጀምር። ስክሪናችሁ 4 ሜትር በ2.25 ነው እንበል። 9 ካሬ ሜትር ይሆናል። 5,000 ሉመን (ከፕሮጀክተሩ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን) ያለው ፕሮጀክተር እዚያ ላይ ወደ 555 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር የሚያርፈው ብርሃን) ይሰጣል። ከመስኮትና ከመብራት አምልጦ ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 50 ሉክስ ከሆነ የፊልሙ ጥቁር ከ50 በታች መውረድ አይችልም። ነጩ ጥቁሩን የሚበልጠው 12 እጥፍ ብቻ ነው። ሌሊቱ ግራጫ ይሆናል። ያንን 50 ወደ 5 ብታወርዱት ልዩነቱ 112 እጥፍ ይደርሳል። ፕሮጀክተሩ ያው፣ ፊልሙ ያው። ለዚህ ነው ትልቅ ፕሮጀክተር ከመከራየታችሁ በፊት መጋረጃ ግዙ የምለው። መጋረጃው እሳት የማይዘው መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይኑረው።

«ግድግዳው ያምራልና እሱ ላይ እናሳየው» የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይመጣል። ነጭ ስክሪን የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ጥቁር ሻካራ ድንጋይ ግን የሚመልሰው ጥቂቱን ነው። የድንጋዩ መጋጠሚያ በሰው ፊት ላይ ሲያልፍ ያ ትርጉም ያለው ፊልም ከሆነ ደግ ነው። ካልሆነ ፊልም ሠሪው የለፋበትን ምስል እያበላሻችሁ ነው። ጠይቁት፤ ወስን የሚባለው እሱ ነው።

የፕሮጀክተሩ ርቀት በሌንሱ ቁጥር ይታወቃል፤ ቁጥሩ ርቀቱ የምስሉን ስፋት ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ 4 ሜትር ስፋት ላለው ምስል 6 ሜትር ርቀት ይጠይቃል። በዚያ 6 ሜትር መሃል ምሰሶ አለ ወይ? ሰው ያልፋል ወይ? አጭር ርቀት የሚበቃው ሌንስ እንዳለም አስታውሱ። ፕሮጀክተሩን በጎን አቁማችሁ ምስሉን በሜኑ ለማቃናት አትሞክሩ። ጥራትም ብርሃንም ትከስራላችሁ። ሌንሱን ማንቀሳቀስ የሚፈቅድ ፕሮጀክተር ይሻላል።

አሁን ቅርፁ። ሰፊ ብርሃን የሚረጭ መብራት አታድርጉበት። ጠርዙ ተቆርጦ የሚወጣ ጠባብ ስፖት ተጠቀሙ። ብርሃኑ ቅርፁ ላይ አርፎ እዚያው ይሙት፤ ወደ ስክሪኑ አይሻገር። ነጭ የጄሶ ቅርፅ ብርሃን ይመልሳል፣ ስለዚህ ከስክሪኑ ይራቅ። ጥቁር ነሐስ ግን ለስክሪኑ ቅርብ ሊቆም ይችላል። እንዲያውም የፊልሙ ብርሃን በትከሻው ላይ ሲሄድና ሲመጣ ቅርፁ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህን ያለ ምንም ተጨማሪ መብራት አንድ ጊዜ ሞክሩት። እኔ ከማንኛውም ስፖት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ቤቱ ረጅም ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የቬኒስ ቢየናሌ የሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ የሚጠቀምበት፣ በአርሰናሌ (በከተማዋ አሮጌ የመርከብ መሥሪያ) ያለው የገመድ መፍተያ አዳራሽ ከ300 ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ቤት ሰውን ከብርሃን ወደ ጨለማ ቀስ እያለ ይወስዳል። ቅርፆቹን በሩ አካባቢ፣ ፊልሙን ጥልቁ ላይ አድርጉ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። ሰው ከፀሐይ በቀጥታ ጨለማ ውስጥ ከገባ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ዕውር ነው። የሚጎዳውም፣ ቅርፅ የሚገፋውም ያን ጊዜ ነው።

6. ድምፅ

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 17 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ነጥሮ እስኪመለስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ መዘግየት ለጆሮ እንደ ሁለተኛ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ትልልቅ ስፒከሮችን ሩቅ ሰቅላችሁ ድምፁን ከፍ አታድርጉ። ትንንሾችን ከተመልካቹ አጠገብ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉት። ከመቀመጫው ኋላ ከባድ መጋረጃ፣ ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ ይኑር። ሁለት ፊልም በአንድ አዳራሽ ካለ አንዱ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። የፕሮጀክተሩን ማራገቢያ ድምፅ ለመሸሸግ ሳጥን ውስጥ ከከተታችሁት አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው፤ አለዚያ በሙቀት ይጠፋል።

7. ኤሌክትሪክ

ለአሮጌው ገመድ አትመኑት። ኤሌክትሪሺያን መጥቶ እያንዳንዱን መስመር ይፈትሽ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቮልት ሲባዛ በአምፔር። በ220 ቮልት 16 አምፔር ያለው መስመር 3,520 ዋት ይሸከማል፤ እናንተ ከ80 በመቶው አትለፉ። ፊልሙን የሚያጫውተው ዕቃ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ የሚነሳ ይሁን። የፊልሙ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ኬብል መሬት ላይ ካለፈ በኬብል መሸፈኛ ጎማ ውስጥ ይለፍ፤ መሸፈኛውም በጨለማ የሚታይ መስመር ይኑረው።

8. የሰዉ መንገድ

ሰው እንዴት እንደሚራመድ አስቡ። ቅርፅ የሚዞሩት ነገር ነው። ስለዚህ በአራቱም ጎን ቢያንስ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ ቦታ ይተው። ደረጃ ባለበት ተዳፋት ካስገባችሁ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይሰጠዋል። ተዳፋቱ ከዚህ ይበልጥ ቀጥ ካለ ለሚገፋውም ለሚቀመጠውም ይከብዳል። በየደረጃው ጠርዝ ላይ ወደ ታች ብቻ የሚያበራ ትንሽ መብራት ይደረግ። ሰዎች ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ከቅርፁ ትይዩ ሌላ ቅርፅ ከኋላቸው አይቁም።

የፊልሙ ርዝመት በሩ ላይ ይጻፍ። 22 ደቂቃ ከሆነ «22 ደቂቃ፣ ሳይቋረጥ ይደጋገማል» በሉ። ሰው መሃል ላይ እንደገባ ካወቀ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ካላወቀ ሁለት ደቂቃ አይቶ ይወጣል። መቀመጫ ይኑር፤ መደገፊያ ያለውም ይቀላቀልበት። የመውጫ በሮች ምልክት በጨለማውም ይብራ። ለፊልሙ ብላችሁ አትሸፍኑት። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው መግባት እንደሚችልም ከእሳት አደጋ ባለሙያ ጋር ቁረጡ።

9. ከመክፈቻው በፊትና በየቀኑ

አንድ ሙሉ ቀን፣ ከመክፈቻ ሰዓት እስከ መዝጊያ፣ ሁሉንም አብርታችሁ አስኪዱ። ማታ ብቻ አትሞክሩ፤ የእኔን መስኮት አስታውሱ። አርቲስቶቹ፣ ኢንጂነሩና የሚጠብቁት ልጆች በዚያ ቀን ይኑሩ። ጥበቃዎቹ ሥራውን ይወቁት። ተመልካች ጥያቄ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የእርጥበት መለኪያው ይነበብ፣ ይጻፍ። ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሲገባ ከትንፋሹ የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛ ብረትና በሌንስ ላይ ጤዛ ይሆናል። ፕሮጀክተሩን ሰው ከመግባቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት አብሩት፤ ይሙቅ። አሮጌ ጣሪያ ብናኝ ያራግፋልና ማጣሪያውን በየሳምንቱ አጽዱ። ቅርፁን ግን በውሃም በጨርቅም አትንኩ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀራፂው እንዳሳያችሁ ብቻ።

10. ማፍረሻው ቀን

ለማፍረስ ቢያንስ ለመትከል የወሰደባችሁን ጊዜ ግማሽ ያዙ። መጀመሪያ ፊልሙና ኤሌክትሪኩ ይውጣ፣ ጨለማው ይገፈፍ። ቅርፆቹን በሙሉ ብርሃን አንሱ። እያንዳንዱ ሲወጣ ከመግቢያው ፎቶ ጋር ይመሳከር፣ ቀራፂው ወይም ወኪሉ ይፈርም። መደቡ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ወለል ሌላ ቀለም ይዞ ሊሆን ይችላል፤ አየር ስላላገኘ ነው። ተከፍቶ ለጥቂት ቀናት ይናፈስ።

በመጨረሻ ያን የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ይዛችሁ ከባለቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ዙሩ። እያንዳንዱን ስንጥቅ እዩ። የእርጥበት መዝገባችሁንና ኢንጂነሩ የሰጣችሁን ስሌት ቅጂ አድርጋችሁ ለቤቱ ተዉለት። ቀጥሎ የሚመጣው አዘጋጅ ከዜሮ አይጀምርም። ከዚያ ቁልፉን አስረክቡ።